ሚስት በጡት ነቀርሳ ስትታመም ባልን ማን ይጠይቀዋል?

በጭሮ (አሰበ ተፈሪ)፣ በሂርና፣ በበደሳና በገለምሶ አንዲት እናት በጡት ነቀርሳ (ካንሰር) ታመመች ሲባል ሁላችንም ልንጠይቃት እንሄዳለን። ይህ የሚገባ ነው። ነገር ግን በር ላይ ቆሞ የሚቀበለንን ባሏን፣ «አንተስ እንዴት ነህ?» ያልነው ስንት ጊዜ ነው?

አንድ ወንድማችን፣ «እንዳትፈራ ብዬ ስለ በሽታዋ አንድም ቃል አላነሣሁም» አሉን። ባለቤታቸው ደግሞ ለብቻቸው፣ «ጡቴ ከተቆረጠ ወዲህ ጠልተውኛል፤ ዝም ብለውኛል» እያሉ ያለቅሱ ነበር። ባል በፍቅር ዝም ቢሉም ሚስት እንደ ጥላቻ ቆጠሩት።

ወንድ አያለቅስም እየተባለ ያደገ ሰው ፍርሃቱን የሚናገርበት ቦታ የለውም። በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙት የነቀርሳ ዓይነቶች የጡት ነቀርሳ ቀዳሚው ነው። እብጠቱ ሲጀምር ብዙ ጊዜ ስለማያም፣ ብዙዎች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ዘግይተው ነው። ያን ጊዜ ባል፣ «ቀደም ብዬ ባሳክማት ኖሮ» እያለ ራሱን ይከሳል። ለጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት ብቸኛው ቦታ አዲስ አበባ የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ስለነበረ፣ ከጭሮ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ በሬ ሸጦ፣ ልጆቹን ለጎረቤት ትቶ የከረመ አለ። ጭንቀቱ ሲበዛ አንዱ ጫት ቤት ይውላል፤ ሌላው በትንሹ ይቈጣል፤ ሌላው ሥራ ላይ ይደበቃል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ፣ ባል እውነቱን ይወቅ። ነቀርሳ አብሮ በመብላትም ሆነ አብሮ በመተኛት አይተላለፍም። በመድኃኒቱ ምክንያት የረገፈ ፀጉር አብዛኛውን ጊዜ ሕክምናው ሲያበቃ ተመልሶ ይበቅላል። ሁለተኛ፣ ሐኪሙ ዘንድ አብሯት ገብቶ የሚባለውን ይስማ። ሦስተኛ፣ «እኔም ፈርቻለሁ፤ ነገር ግን አልለይሽም» ይበላት። ይህ ድካም አይደለም።

ማኅበረ ምእመናንም ድርሻ አለን። ሁለት ሽማግሌዎች ባልየውን ለብቻው ይጐብኙት፤ ሌሎች ከብቱንና ልጆቹን ይጠብቁለት። ስንጸልይላቸውም መድኃኒቱን አቋርጡ አንበል። በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ማኅበር ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ችግረኛ ሕሙማን በአዲስ አበባ ማረፊያ ስለሚሰጥ፣ ለሚጓዙት ይህን እንንገራቸው።

እኚያ ወንድም በመጨረሻ ፍርሃታቸውን ለባለቤታቸው ነገሩ። ሁለቱም አብረው አለቀሱ። በሽታው በዚያ ቀን አልዳነም፤ በቤቱ የነበረው ዝምታ ግን አበቃ።