ከአንኮበር ግርጌ፦ አልዩ አምባ

የሸዋ ነገሥታት ታሪክ በተነሳ ቁጥር አንኮበር ሳትጠራ አትቀርም። ቤተ መንግሥቱ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ ብርዱና ጉሙ ሳይቀር ይተረካል። ከእግሯ ሥር፣ ዳገቱ አልቆ ቆላው ሊጀምር ሲል ያለችውን አልዩ አምባን የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። በእኛ ግምት ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ አንኮበር የበላችው እንጀራ ከፊሉ የተጋገረው እዚያ ታች ነውና።

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው አንኮበር ሲደርሱ ደጋው በድንገት ያበቃል። ከዚያ ወዲያ መሬቱ እየተቆረሰ ወደ አፋር በረሃና ወደ አዋሽ ይወርዳል። ላይ ገብስ፣ ታች ማሽላና ጥጥ ይበቅላል። አልዩ አምባ የተቆረቆረችው በሁለቱ መካከል ነው። ቦታዋን የመረጠላት ግመል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከታጁራ ወደብ ተነስቶ በአሳል ሐይቅ በኩል በረሃውን አቋርጦ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ፣ ከተራራው ግርጌ ፋሬ ከምትባለው ኬላ ሲደርስ ግመሎቹን ያራግፋል። ግመል ዳገት አይወድም። ከዚያ በላይ ያለው የበቅሎ፣ የአህያና የሰው ትከሻ ሥራ ነበር።

ገበያው ዓርብ ይቆማል። ከባሕር በኩል ጨርቅ፣ ዶቃና መዳብ፣ ከበረሃው ጨው ይመጣል፤ ከደጋው ደግሞ እህል፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ። መገበያያው አሞሌ ጨውና የማርያ ትሬዛ ብር ነበር። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (እ.ኤ.አ. 1813-1847) ከዚህ ሁሉ ቀረጥ ያገኙ ነበር።

ያማረውን ብቻ መርጦ መጻፍ ደግሞ አይገባም። ከአልዩ አምባ አጠገብ፣ አብዱል ረሱል በምትባል መንደር፣ ሰው ይሸጥ ነበር። ከደቡብና ከምዕራብ ተፈንግለው የመጡ ልጆች በዚያ ተሸጠው በዚያው የግመል መንገድ ወደ ታጁራ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግረው ወደ ዓረብ አገር ይነዱ ነበር። ከዚያም ንግድ ቀረጥ ይሰበሰብ ነበር። ስለ አንኮበር ግርማ ስናወራ ይህንም አብረን ማውራት ይኖርብናል።

የከተማይቱ ነዋሪ በአብዛኛው ሙስሊም ነበር፤ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ከሐረር የመጣው ነጋዴ። አውራጃውን ለክርስቲያኑ ንጉሥ የሚያስተዳድረው ወላስማ መሐመድ፣ ከጥንቱ የይፋት ሡልጣኖች ስም ማዕረጉን የወረሰ ሙስሊም ሹም ነበር። መቀመጫው ጎንጮ ሲሆን፣ ለዙፋን ያሰጋሉ የተባሉ የንጉሥ ዘመዶች የሚታሰሩበትን ወህኒ የሚጠብቀው እሱ ነው። ንጉሡ ለገዛ ወገናቸው ያልሰጡትን እምነት ለሌላ ሃይማኖት ሰው ሰጥተው ነበር ማለት ነው። እስቲ ይህን በየትኛው የትምህርት ቤት መጽሐፍ አነበብነው?

እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ ሻምበል ሃሪስ ከሣህለ ሥላሴ ጋር ለመዋዋል የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። ከእሱ ጓድ የነበረው ባርከር በሸዋ ሳለ ከነጋዴዎች እየጠየቀ ስለ ሐረር ያጠናቀረው ዘገባ በ1842 ለንደን ታተመ። በርተን ሐረር የገባው በ1855 መሆኑን ልብ ይበሉ፤ አውሮፓ የሐረርን ወሬ ከሸዋ ገበያ ቀድሞ ሰምቷል።

ይህን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። እዚህ ቶሮንቶ ሐረሪዎች ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ብዙ ናቸው። የሸዋና የሐረር ነገር ሲነሳ ጨዋታው ወዲያው ወደ 1887ቱ የጨለንቆ ጦርነት ይሄዳል፤ ከዚያም ድምፅ ከፍ ይላል። ጨለንቆ መረሳት የለበትም፤ የሞተው ሰው ነው። ነገር ግን ከዚያ 40 ዓመት በፊት ሐረሪው ነጋዴ በአንኮበር ግርጌ ቤት ይዞ፣ ዓርብ ዓርብ ከደገኛው ጋር ዋጋ ይከራከር እንደነበር ሁለቱም ወገን ቢያውቀው ክርክሩ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

አልዩ አምባን ያደከማት የንግዱ መንገድ መዞር ነው። አጼ ምኒልክ መናገሻቸውን ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ አዛወሩ። ሐረር ከተያዘች በኋላ ንግዱ በእሷ በኩል ወደ ባሕር ወረደ። ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የታጁራ ግመል ሥራ ፈታ። ዛሬ አልዩ አምባ በሰሜን ሸዋ፣ በአንኮበር ወረዳ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የአንኮበርን ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ሊያይ የሚመጣው እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ሆኖ ቁልቁል አይቷት ይመለሳል።