ቀዩ ፊልትሮና የእንጦጦ ዳገት

አንድ ሊትር ቤንዚን አዲስ አበባ ላይ በደንብ እንዲቃጠል ሞተሩ ወደ 12,000 ሊትር አየር መሳብ አለበት። ጅቡቲ ወደብ ላይ ቢሆን 9,000 ገደማ ይበቃው ነበር። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች አየሯ ስስ ነው። ሰልባትዮዋ 40 ሊትር የሚይዝ ቪትዝ አንዴ ተሞልታ እስክትጨርስ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሊትር አየር ታስገባለች ማለት ነው። ያ አየር የፈረሰ ግንብና የተቆፈረ መንገድ አቧራ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። በአቧራውና በሞተሩ መካከል የቆመው የአየር ፊልትሮው፣ አንድ የተጣጠፈ ወረቀት ብቻ ነው።

እኔ ሞተር አውርዶ በመጠገን የኖርኩ መካኒክ ነኝ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ወጣት ባለመኪኖች በወረቀቱ ፋንታ የሚገጠመውን፣ እየታጠበ የሚሠራውን ቀዩን ፊልትሮ ይዘው ይመጣሉ። አንዱ ዱባይ ላለ ዘመዱ ልኮ አስገዝቶት ነው፣ ሌላው ከሶማሌ ተራ አግኝቶት።

«ጋሼ፣ ይቺን ይግጠሙልኝ» ይላል። «መኪናዋን እንጦጦ ዳገት ላይ ትንፋሽ እያጠራት ነው።»

«ዳገቱን የሚያወጣት መሰለህ?»

«አየር በደንብ ያስገባል ይላሉ እኮ!»

ልጁ የሚለው ሐሰት አይደለም። እንዲህ ያለውን ፊልትሮ በዓለም ያስተዋወቀው ኬ ኤንድ ኤን የተባለው የካሊፎርኒያ ድርጅት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ኬን ጆንሰንና ኖርም ማክዶናልድ የተባሉ የሞተር ሳይክል እሽቅድምድም ሰዎች አቋቋሙት። ሥራው ቀላል ነው። የጥጥ ሻሽ ይደራረባል፣ በሽቦ መረብ መሐል ይታጠፋል፣ ልዩ ዘይት ይቀባል። አቧራው ዘይቱ ላይ ይጣበቃል፣ አየሩ ከወረቀቱ ይልቅ ዘና ብሎ ያልፋል። ሲቆሽሽ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደገና ዘይት ይቀባል። አቧራን በዘይት መያዝ ለእኛ አገርም እንግዳ አይደለም፤ የድሮዎቹ ቮልሶች አየራቸውን የሚስቡት ከሥሩ ዘይት በተቀመጠበት ጣሳ በኩል ነበር። ያን ጣሳ ፈትቶ ጭቃውን የጠረገ ሰው ሞተሩ ምን ሊውጥ እንደነበር በዓይኑ አይቷል።

ጥያቄው እንግዲህ ዘና ብሎ የሚያልፈው አየር ለዚህ ልጅ ምን ያተርፍለታል የሚለው ነው። ሒሳቡን እንየው። ባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ነው፤ አዲስ አበባ ላይ 76 ወይም 77። ገና ከመነሻችን ሩቡን ገደማ አጥተናል። አዲስ የወረቀት ፊልትሮ በተለመደ የቤት መኪና ላይ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ ወለሉ ተረግጦ ሞተሩ ሲጮህ እንኳ፣ የሚያስቀረው ግፊት ከ1 ወይም ከ2 ኪሎፓስካል አይዘልም። ቀዩ ፊልትሮ ምንም የማይከለክል ቢሆን የሚመልሰው ይህችኑ ነው። የቀረውን የወሰደው ከፍታው ነው፤ እሱን ደግሞ ሶማሌ ተራ የሚሸጥ ፊልትሮ አይመልሰውም። ወደ ምሥራቅ የሚነዳ ሾፌር ይህን በእግሩ ያውቀዋል። አዳማን አልፎ፣ መተሐራን ተሻግሮ አዋሽ ሲቃረብ ከፍታው ወደ አንድ ሺህ ሜትር ይወርዳል፤ ያቺው መኪና፣ ያው ፊልትሮ፣ ግን ጉልበት አግኝታለች።

ደግሞስ ከመገናኛ ቦሌ ባለው መጨናነቅ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ የሚረግጥ ማነው? ግማሽ ብቻ ተረግጦ ሳለ የቤንዚን ሞተርን አየር የሚያንቀው ፊልትሮው አይደለም። ከሱ ቀጥሎ ያለች፣ በእግራችን የምንከፍታትና የምንዘጋት ክዳን ናት። ነዳጅ ይቆጥባል የሚለውም ወሬ ብዙ አያስኬድም። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ነዳጃቸው በኮምፒውተር የሚመጠን መኪኖችን በተደፈነ ፊልትሮ ሞክሮ ነበር። መኪኖቹ ፍጥነት ለመያዝ ዘገዩ እንጂ የነዳጅ ፍጆታቸው ይህን ያህል አልተለወጠም፤ ኮምፒውተሩ የገባውን አየር ለክቶ ነዳጁን ስለሚቀንስ። የሚጎዱት ባለካርቡራቶሮቹ ናቸው።

አንዳንዶች የፊልትሮውን ሳጥን ጨርሰው አውጥተው ሾጣጣ ፊልትሮ ከኮፈኑ ሥር በባዶው ያስገጥማሉ። ድምፁ ያጓራል፤ ጆሮም ፍጥነት ነው ብሎ ይቀበለዋል። ሾጣጣው ግን የሚስበው ከሞተሩ ጎን የጋለውን አየር ነው፣ የጋለ አየር ደግሞ ይብስ ስስ ነው። ከፍሎ ጉልበት መቀነስ ይሉታል ይህንን።

ይህ ሁሉ ቢቀር ግድ አይሰጠኝም ነበር፤ ወጣት ነው፣ ድምፁን ወዶታል። የማልታገሰው አቧራውን ነው። ሞተር የሚበላው በዓይን የሚታየው አሸዋ ሳይሆን ከ5 እስከ 20 ማይክሮን የሆነው ድቃቂ ነው። የሰው ጸጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ከዚያ ጋር ያነጻጽሩት። ድቃቂው በፒስተን ፋሻና በሲሊንደር ግድግዳ መሐል ባለው ስስ ዘይት ውስጥ ይገባል። በውስጡ ያለው ኳርትዝ ከብረቱ ይጠነክራል፣ ስለዚህ ይፍቃል። ሲሊንደሩ ወደ ላይኛው ጫፍ ይሰፋል፣ መኪናዋ ዘይት መብላት ትጀምራለች፣ ጠዋት ስትነሳ ሰማያዊ ጭስ ትተፋለች። ያኔ ነው ወደ እኔ የሚመጡት።

ጥሩ የወረቀት ፊልትሮ ከገባው አቧራ ከ99 በመቶ በላይ ይይዛል። አንድ ፊልትሮ 97 ይይዛል ሲባል የ2 ቁጥር ልዩነት ትንሽ ይመስላል። ያለፈውን ይቁጠሩ እንጂ! ከ100 ግራም አንዱ 1 ግራም አሳለፈ፣ ሌላው 3፤ ሦስት እጥፍ ነው። አስፋልቱ ታጥቦ በሚያድር ከተማ 3ቱም ግራም ለመከማቸት ዓመታት ይፈጅበታል። በጥርና በየካቲት ኮረኮንች ላይ ለሚመላለስ መኪና ግን ሌላ ነገር ነው።

የሚታጠበውን የመረጠ ሰው ማጠቢያውንና ትክክለኛውን ዘይት አብሮ መግዛት አለበት። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ላቫጆ ላይ በዱቄት ሳሙና ታጥቦ፣ ዘይት ሳይቀባ የተመለሰ ባዶ ሻሽ አይቻለሁ፤ የሞተር ዘይት የተደፋበትም አይቻለሁ። ዘይት ከበዛ ወደ ውስጥ ተስቦ የአየር መጠን የሚለካውን ሴንሰር ይሸፍነዋል፣ የቼክ ኢንጂን መብራትም ይበራል።

የወረቀቱ ወገንም ከበደል ነጻ አይደለም። ጎሚስታው ጋ በኮምፕሬሰር ማስነፋት ልማዳችን ሆኗል። ኃይለኛው አየር የወረቀቱን ጭረቶች ይበጥሳል፣ ዓይን የማያየው ቀዳዳ ይከፍታል። ጥቂት አቧራ የያዘ ወረቀት ደግሞ ከአዲሱ የተሻለ እንደሚያጣራ ብዙ ሰው አያውቅም፤ የተጋገረው አቧራ ራሱ ወንፊት ይሆናል። ስለዚህ በየሳምንቱ እያወጡ መንፋት ጥቅም የለውም። ሲደፈን ይቀየር፣ አለቀ። መመሪያው ላይ ያለውን ኪሎ ሜትር ኮረኮንች ለሚበዛበት መኪና በግማሽ ወይም ከዚያ በታች እቆርጠዋለሁ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያለንን ሞተር ማቆየት የግድ ነው።

የእሽቅድምድም ሰው ቀዩን ቢገጥም አልከራከረውም፤ ሞተሩን በየጊዜው እየፈታ ያድሰዋልና ዕድሜው አያሳስበውም። ሩቅ ገጠር የሚሠራ፣ ወረቀት የማያገኝ ሰውም ዕቃውን በአግባቡ ከያዘው ይጠቅመዋል፤ እኔ ግን ሁለት ትርፍ ወረቀት ከወንበር ሥር ይዞ መውጣትን እመርጥለታለሁ።

ሲገዙ ማርካውን ብቻ አይዩ፤ ኦሪጅናል ተብሎ የታተመበት ካርቶን በየቦታው ይሠራል። ጠርዙ ላይ ያለውን ጎማ ይጫኑት፤ ለስላሳና ሙሉ መሆን አለበት። እጥፋቶቹ እኩል መራራቃቸውን ይመልከቱ፣ ወደ ብርሃን አንስተው ቀዳዳ ይፈልጉ። ከተገጠመ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚወስደውን ቱቦ ያስፈቱና ውስጡን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይጥረጉ። ጨርቁ አቧራ ይዞ ከወጣ ወይ ፊልትሮው አልገጠመም ወይ ሳጥኑ ተሰንጥቋል፤ ወረቀትም ይሁን ጥጥ፣ መኪናዋን ሳያስነሱ ያሠሩት።