ስለ ድንጋያማው ቀይ አልጌ

ዛሬ ላወጋችሁ የምሻው ስለ ኮራላይን ቀይ አልጌ ነው፤ ይህ ፍጥረት በባሕር ዐለት ላይ ተለጥፎ ሲታይ ሮዝማ ቀለም የተቀባ ድንጋይ ይመስላል እንጂ፣ በእውነቱ ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚያሰናዳ፣ የሚራባና የሚያድግ፣ የህዋሶቹንም ግድግዳ ማግኒዚየም በበዛበት ካልሳይት እያጠነከረ ራሱን በራሱ የሚያንጽ ሕያው ነው።

ስለ እርሱ ሳነብ አስቀድሞ የደነቀኝ፣ ታላላቅ ሊቃውንት እንኳ ወገኑን ለመለየት ብዙ ዘመን መቸገራቸው ነው። የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኔየስ በ1758 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የፍጥረታት መዝገብ ከእንስሳት ጋር ቈጠረው፤ ዕፅ መሆኑንም ጀርመናዊው ሩዶልፍ ፊሊፒ በ1837 አስረዳ። ዛሬ በመቶዎች የሚቈጠሩ ዝርያዎቹ ታውቀዋል። ከእነርሱም አንዳንዱ ዐለትን እንደ ቅርፊት ይሸፍናል፤ አንዳንዱ ካልሳይት ባልገባባቸው መገጣጠሚያዎች የተያያዙ ቅርንጫፎች አውጥቶ ከማዕበሉ ጋር ይተጣጠፋል፤ ሌላውም ከምንም ሳይጣበቅ በባሕር ወለል ላይ እየተንከባለለ ድቡልቡል ይሆናል። በብራዚል ጠረፍ፣ በአብሮልዮስ፣ የዚህ የድቡልቡሉ መስክ ወደ 21,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል።

ሥራውን ለማስተዋል የሚወድ ሰው ግን የውቅያኖስ ማዕበል ያለ ዕረፍት የሚመታውን የፓስፊክ ኮራል ዐለት ውጫዊ ጠርዝ ያስብ። ከኮራሎች አብዛኞቹ ያን ምት ታግሠው ሊቆሙበት በማይችሉበት በዚያ ስፍራ፣ ፖሮሊቶን የተባለው ቅርፊታም አልጌ ስባሪውንና ደቃቁን፣ ግንበኛ ድንጋይን በኖራ እንደሚያያይዝ፣ እርስ በርሱ እያጣበቀ ማዕበሉን የሚሰብር ግንብ ያቆማል። ቻርልስ ዳርዊን በ1836 በኪሊንግ ደሴቶች እንዲህ ያለ ጠርዝ ተመልክቶ፣ የአልጌውን ጠባቂነት በኋላ በጻፈው መጽሐፍ መዝግቦታል። በ1890ዎቹ መጨረሻም የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ባሰማራው ጉዞ የፉናፉቲ ደሴት ከ300 ሜትር በላይ ወደ ታች ተቈፍሮ ናሙናው በተመረመረ ጊዜ፣ ደሴቲቱን ካነጿት አንዱ፣ ያውም ከዋነኞቹ፣ ይኸው አልጌ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ የዚያን ሁሉ ሕንጻ ክብር ለኮራል ብቻ መስጠት ፍትሕ የጎደለው ይመስለኛል፤ ይልቁንም ገና በውኃ ላይ የሚንሳፈፉት የኮራል እጮች ራሳቸው፣ ሰፍረው የሚያድጉበትን ቦታ ሲሹ፣ ከአልጌው ገጽ የሚወጣውን ኬሚካዊ ምልክት ተከትለው በእርሱ ላይ ወይም በአጠገቡ የሚያርፉ በመሆናቸው ነው።

ቅላቱን ያገኘው ፋይኮኤሪትሪን ከተባለው ቀለም ሲሆን፣ ይህ ቀለም ወደ ጥልቁ የሚዘልቀውን ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን ይቀበላል። በ1984 ማርክና ዳያን ሊትለር በባሃማስ አካባቢ፣ በ268 ሜትር ጥልቀት፣ ብርሃን ከሞላ ጎደል በጠፋበት ስፍራ ሕያው ቅርፊት አይተዋል።

ወደ ሰሜን ዋልታ ሲሄዱ ደግሞ ክላትሮሞርፈም የሚባለው ወገን ይገኛል፤ ይህም በዓመት ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ እየጨመረ፣ ክረምቱ ሲጨልምና በረዶው ባሕሩን ሲሸፍን ዕድገቱን እየገታ፣ ብርሃን ሲመለስ እየቀጠለ፣ ለብዙ መቶ ዓመታት የሚኖር ነው። እያንዳንዱ ዓመት በላዩ አንድ ንብር ስለሚተው፣ በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ከካናዳ አርክቲክና ከላብራዶር በተሰበሰቡ ቅርፊቶች ውስጥ የ646 ዓመት የባሕር በረዶ ታሪክ አንብቧል፤ በረዶውም ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወዲህ እየቀነሰ መምጣቱን አሳይቷል። ሰው በዚያ ጠረፍ የሙቀት መለኪያ ሳያኖር በፊት፣ ይህ ዝምተኛ ፍጥረት ዘመኑን በገላው ሲመዘግብ መኖሩን ባሰብሁ ቍጥር መንፈሴ ይመሰጣል።

የምሰጋለትም በዚሁ ገላው ምክንያት ነው። ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ ዘይት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ባሕር ሲገባ ውኃውን ወደ አሲድነት ያዘነብለዋል፤ ማግኒዚየም የበዛበት ካልሳይትም በእንዲህ ያለ ውኃ ከሌሎቹ የካልሳይት ዓይነቶች ይልቅ ፈጥኖ የሚሟሟ ነው። በ2008 የታተመ፣ በሃዋይ የተደረገ ጥናት፣ አሲድነቱ ከፍ በተደረገ ውኃ ውስጥ አዲስ የሚበቅለው ቅርፊታም አልጌ እጅግ መመናመኑን አሳይቷል፤ እርሱ ባልበቀለበት ዐለት ላይ ደግሞ ማረፊያ ፈልጎ የሚመጣው የኮራል እጭ የሚከተለውን ምልክት ያጣል።