«ፍሬን በጠሰ» አትበሉ

ማክሰኞ ጠዋት አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና የሰፈራችንን ቁልቁለት ተንደርድሮ ወርዶ ከታች ያለውን ግንብ ጥሶ ገባ። ጥግ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም በጉልት የሚሸጡት እናታችን እግራቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝተዋል። ነፍሳቸው በመትረፉ ተመስገን። ከሰዓት በኋላ ስልኬን ስከፍት በየግሩፑ የሚዞረው አንድ ወሬ ነው፦ «መኪናው ፍሬን በጥሶ»። ማታ ያው መኪና እኔ የምሠራበት ጋራዥ ተጎትቶ መጣ። ጎማውን የፈታሁት በእጄ ነው። የተበጠሰ ነገር የለም።

19 ዓመት የከባድ መኪና ፍሬን ሠርቻለሁ። ስሙኝ።

1. ገልባጭ የሚቆመው በአየር ፍሬን ነው። የኋላ እግሮቹ ላይ ጠንካራ ሞላ አለ፤ ሞላው ሁልጊዜ መኪናውን ሊይዝ ይታገላል፣ እንዲለቅ የሚያደርገው አየሩ ነው። ቱቦ ተበጥሶ አየሩ ቢያልቅ ሞላው ራሱ ይይዛል። ማለትም መኪናው ይቆማል እንጂ አይሮጥም። ሹፌር ጠዋት ሞተር አስነስቶ አየር እስኪሞላ የሚጠብቀው ለምን ይመስላችኋል?

2. ታዲያ ምን ሆነ? ሙቀት። 20 ቶን የሚመዝን መኪና ከፍታው 100 ሜትር የሆነ ቁልቁለት ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 3 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል። የኛ ቁልቁለት እንደዚያ ነው፣ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ 100 ሜትር ዝቅ ይላል። ሹፌሩ ከባድ ማርሽ ከያዘ ሞተሩ ብዙውን ይሸከማል። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሹን ፍሪ አድርጎ ከለቀቀው ግን አብዛኛው ሙቀት የፍሬን ሸራውና ታምቡሩ ላይ ያርፋል። የተቃጠለ ሸራ አይይዝም፣ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ቢረግጠውም። የማክሰኞውን ስፈታ ሸራው እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፣ ታምቡሩ ሰማያዊ ሆኗል፣ ሽታው እስከ ዛሬ ቱታዬ ላይ አለ። አባይ በረሃን የተመላለሱ አንጋፋ ሹፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት ዝም ብለው አይደለም።

3. መስታወቱ ላይ የዘንድሮ ቦሎ ተለጥፏል። የኋላ ግራ ሸራው ግን ሚስማሩ እስኪታይ አልቋል! ይህ በሳምንት የሚያልቅ ነገር አይደለም። ቦሎውን የሰጠው ሰው ጎማ ሥር ጎንበስ ብሎ ቢያይ ኖሮ ይህ መኪና ከጊቢው አይወጣም ነበር።

«በጠሰ» የሚለው ቃል ለምን እንዲህ ያንገበግበኛል? ሁሉንም ነፃ ስለሚያወጣ ነው። ሹፌሩ «ምን ያድርግ ምስኪን» ይባላል። ባለንብረቱ ዘመድ ልኮ «የእግዜር ቁጣ ነው» ብሎ ሽምግልና ይገባል። መሥሪያ ቤቱ «የቴክኒክ ብልሽት» ብሎ ጽፎ ፋይሉን ይዘጋል። ፍርድ ቤት ለባለሙያ ምስክርነት ተጠርቼ ስቀርብ የተማርኩትን ልንገራችሁ፦ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በአንቀጽ 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ጥፋት አልሠራሁም ማለት፣ ልከላከለው አልችልም ነበር ማለት አያድነውም። ይህንን አንቀጽ 2086 ዘግቶታል። የተጎዱት እናታችን ቤተሰቦች፣ ይህን ስሙ፤ ሽምግልና ላይ ቸኩላችሁ እንዳትፈርሙ።

መንገዱም አልተበጠሰም፣ ሲሠራ ጀምሮ እንደዚያው ነው። አዲስ አበባ እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ሆና አቃቂ ላይ ወደ 2,100 የምትወርድ ከተማ ናት። ቁልቁለት ለዚህ ከተማ አስተዳደር ድንገተኛ ዜና ሊሆን አይችልም። ስለ ቁልቁለቱ የጻፍነው የእድራችን ደብዳቤ 143 ፊርማ ይዞ ወረዳ የገባው በ2015 ነው። ወረዳው ወደ ክፍለ ከተማ መራው። ክፍለ ከተማው መንገድ ለሚሠራው ክፍል መራው። እነሱ «ምልክት መትከል የትራፊክ ጉዳይ ነው» አሉ። ትራፊኮቹ ጋ ስንሄድ «በመጀመሪያ ወረዳችሁ ይጻፍልን» ተባልን። ወረዳው ደግሞ የመጀመሪያው ደብዳቤ ስለጠፋ ቅጂ አምጡ አለን። የጠየቅነው እኮ ድልድይ አይደለም! አናቱ ላይ አንድ ሰሌዳ፣ የጫነ መኪና እንዳይገባበት ክልከላ፣ ግርጌው ላይ ጠንካራ መከላከያ። በዚህ መሀል ሁለት ጊዜ ለጽዳት ዘመቻ ቀስቅሰውን ያንኑ ቁልቁለት ጠርገናል፣ ኃላፊዎቹም አብረውን ቆመው ፎቶ ተነስተዋል። ያዩትን አላዩም ልበል?

ሰፈርተኛው ተስፋ ሲቆርጥ ግርጌው ላይ ድንጋይና አፈር ቆልሎ ጉብታ ሠራ። ወንድሞቼ፣ ልፋታችሁን አውቃለሁ፣ ግን አፍርሱት። ሸራው የተቃጠለበት መኪና ጉብታ አያቆመውም፤ ያዘልለዋል፣ ጎማው መሬት ሲለቅ ደግሞ መሪው አይታዘዝም። ማክሰኞ ግንቡ ጋ የሄደውም ከጉብታው ዘሎ ነው፣ የጎማውን ምልክት ሄዳችሁ እዩት። ፍጥነት መቀነስ ያለበት አናቱ ላይ፣ ሹፌሩ ማርሽ መምረጥ በሚችልበት ቦታ ነው።

ታች ጥግ ላይ ጉልት የያዛችሁ፣ እባካችሁ ከነገ ጀምሮ ከመታጠፊያው ወደ ላይኛው በኩል ተሻገሩ። ገበያው ይቀዘቅዛል፣ አውቃለሁ። የማክሰኞውን ቪዲዮ የቀረጻችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። የሸራውንና የታምቡሩን ፎቶ፣ የ2015ቱን ደብዳቤ ቅጂ ይዤ ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ወረዳው በር ላይ እቆማለሁ። የፈረማችሁም ያልፈረማችሁም ኑ።