ባሩድ ሁሉ አንድ አይደለም

ቅጠሉ ረግፎ ብርዱ ሲጀምር በብዙ የአሜሪካ ስቴቶች የአጋዘን አደን ይመጣል። የሥራ ባልደረባው «ና አብረን እንሂድ» ያለው፣ ወይም ልጁ «ከጓደኛዬ አባት ጋር አደን ልሂድ» ብሎ የለመነው ወገናችን አይጠፋም። ታዲያ «እሺ» ከማለታችን በፊት ማወቅ ያለብን አንድ ነገር አለ፤ የእጅና የዓይን ጉዳይ ነው።

ብዙ ስቴቶች ከዋናው የአደን ወቅት ሌላ ለአንድ ዓይነት ጠመንጃ የተለየ ጊዜ ይሰጣሉ። ጠመንጃው «መዝል ሎደር» ይባላል፤ በአፈሙዙ በኩል የሚጎርስ ማለት ነው። ተኳሹ ባሩዱን ለክቶ በአፈሙዙ ያፈሳል፤ እርሳሱን በዘንግ እየገፋ እስከ ባሩዱ ያወርደዋል፤ ከዚያ ማቀጣጠያውን አስገብቶ ይተኩሳል። ፋብሪካ ያዘጋጀው ጥይት የለም። ጥይቱን የሚያዘጋጀው ተኳሹ ራሱ ነው፤ ስህተቱም የራሱ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በእኛ ቋንቋ ሁሉም «ባሩድ» ነው። ሱቅ ውስጥ ግን በጣም የሚለያዩ ሁለት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ጥቁር ባሩድ ነው። 75 እጅ ፖታሲየም ናይትሬት፣ 15 እጅ ከሰል፣ 10 እጅ ድኝ ሆኖ ይቀመማል። ለብዙ መቶ ዓመታት ዓለም የተዋጋው በዚሁ ነው። አያቶቻችን «ውጅግራ» የሚሉት የፈረንሳይ ጠመንጃም የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነበር።

ሁለተኛው ጭስ አልባ ባሩድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ፖል ቪዬይ የተባለ ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሰው ናይትሮሴሉሎዝ ከሚባል ነገር ሠራው። ከሁለት ዓመት በኋላ ፈረንሳይ ለዚህ ባሩድ «ሌበል» የተባለ አዲስ ጠመንጃ አወጣች። ልብ በሉ፤ አዲሱ ባሩድ የመጣው ከአዲስ ጠመንጃ ጋር ነው።

«ጭስ አልባ» ሲባል ደግሞ ለጆሮ ደስ ይላል። የተሻለ፣ ንጹሕ፣ ዘመናዊ ይመስላል። በእርግጥ ጥቁር ባሩድ ብዙ ያጨሳል፣ ብረት ያዝጋል፣ ከተኩስ በኋላም ጠመንጃውን በደንብ ማጠብ ይጠይቃል። ይህ የሰለቸው ሰው «ለምን በጭስ አልባው አልቀይረውም?» ቢል አይገርምም። ግን አደጋው ያለው እዚሁ ላይ ነው።

ጭስ አልባ ባሩድ ተዘግቶ በተጨነቀ ቁጥር ፈጥኖ ይነዳል፤ ፈጥኖ በነደደ ቁጥር ደግሞ ግፊቱ ይጨምራል። አንዱ ሌላውን እያባባሰ ይሄዳል። በዘመናዊ የአደን ጠመንጃ ውስጥ ግፊቱ በስኩዌር ኢንች ከ60,000 ፓውንድ ሊያልፍ ይችላል። እነዚያ ጠመንጃዎች ይህን እንዲችሉ ተደርገው ነው የተሠሩት። ለጥቁር ባሩድ የተሠራ መዝል ሎደር ግን አይችልም። ቱቦው ይፈነዳል። የሚፈነዳው ደግሞ ከተኳሹ ፊትና እጅ ሥር ነው፤ ፍንጣሪው አጠገቡ የቆመውን ልጅም አይምርም።

ሌላም ወጥመድ አለ፤ እሱም መለኪያው ነው። የጥቁር ባሩድ ተኳሽ በትንሽ ስፍር ይለካል። ጭስ አልባው ግን በስፍር ሳይሆን በክብደት፣ ያውም በጥንቃቄ በሚዛን ነው የሚለካው። በጥቁር ባሩድ ስፍር ጭስ አልባ ሞልቶ ማፍሰስ ጠመንጃውን ቦምብ ማድረግ ነው። «ትንሽ ልቀንስለት» ወይም «ሁለቱን ልቀላቅል» ማለትም መፍትሔ አይሆንም።

በቀለም መለየትም አይቻልም። ብዙ ጭስ አልባ ባሩዶችም ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ግራጫ ናቸው። የሚለየው የዕቃው ጽሑፍ ብቻ ነው።

«አንዱ ጓደኛዬ በጭስ አልባ ይተኩሳል እኮ» የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ሊሆን ይችላል። «ሳቬጅ 10ኤምኤል» የተባለው መዝል ሎደር ከፋብሪካው ለጭስ አልባ ባሩድ ተብሎ የተሠራ ነው። እንዲህ ያሉት ግን ጥቂት ናቸው። መልሱ በጠመንጃው ላይ በተጻፈውና በመመሪያው መጽሐፍ ውስጥ ነው። ለጭስ አልባ እንደሚሆን በግልጽ ካልተጻፈ፣ በቃ፣ አይሆንም። እንደ «ፓይሮዴክስ» እና «ትሪፕል ሰቨን» ያሉ በጥቁር ባሩድ ምትክ የተሠሩ ዓይነቶች አሉ፤ እነሱንም መመሪያው በሚፈቅደው መጠን ብቻ ነው መጠቀም።

ሕጉንም እንይ። በፌደራል ሕግ ለጥቁር ባሩድ ወይም ለምትኩ የተሠሩ አብዛኞቹ መዝል ሎደሮች እንደ ሌላው ጠመንጃ አይቆጠሩም። በብዙ ቦታም በፖስታ ሳይቀር ይገዛሉ። ስለዚህ ሻጭ ቆሞ ላያስረዳን ይችላል። የስቴቶች ሕግ ደግሞ ይለያያል። ለምሳሌ ኮሎራዶ በመዝል ሎደር ወቅት ጭስ አልባ ባሩድን ትከለክላለች። ሚኒሶታ ውስጥ ከ1979 በኋላ የተወለደ ሰው የአደን ፈቃድ ለማውጣት በአጠቃላይ የጦር መሣሪያ ደኅንነት ትምህርት መውሰዱን ማሳየት አለበት። ትምህርቱን አባትና ልጅ አብረው ቢወስዱት ደግሞ እንዴት ያምራል!

ለቤተሰብ ጥቂት ምክሮች፦

• ባሩድን ከራሱ ዕቃ አታውጡ። እኛ ቤት የቡና ጣሳ ውስጥ በርበሬ፣ የእርጎ ዕቃ ውስጥ ሽሮ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። ባሩድ ላይ ግን ይህ ልማድ ሰው ይጎዳል።

• ከምድጃ፣ ከሲጋራና ከልጆች አርቃችሁ ቆልፉበት።

• ሲያጎርሱ ባሩዱን ከትልቁ ዕቃ በቀጥታ ወደ አፈሙዙ አያፍስሱ። ውስጥ የቀረ ፍም ሊያቀጣጥለው ይችላል። መጀመሪያ በስፍር ይለኩ።

• ቃታው ተስቦ ካልተኮሰ፣ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞሩ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይጠብቁ። ዘግይቶ ሊተኩስ ይችላል።

• ልጅዎን የጋበዘውን ሰው «ጠመንጃው ምን ዓይነት ነው? ባሩዱስ?» ብለው ይጠይቁት። ነውር የለውም። ጥሩ አዳኝ ይህን ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።

ልጆች፣ እናንተም አንድ ሥራ አላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛውን ከእኛ ቀድማችሁ የምታነቡት እናንተ ናችሁ። ዕቃው ላይ «ስሞክለስ» የሚል ካያችሁ፣ ሳትነኩት «አባዬ፣ ይሄ ለዚህ ጠመንጃ ይሆናል?» በሉ። ያቺ አንዲት ጥያቄ የአባትን ዓይን ልታተርፍ ትችላለች።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባል የለ? አደኑም እንደዚያው ነው፤ ከማጉረስ በፊት ማንበብ ይቅደም።