ምዕራፍ 7፦ የአንድ ቤት ጭስ

«አንድ ሰው ምን ያመጣል?» የሚለው ጥያቄ በየስብሰባው ይነሳል። የሚሰጠው መልስ ግን ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። አወያዩ ጉሮሮውን ይጠርግና «የኦዞን ንጣፍ ሳስቶ ምድር ሞቃለች፤ ስለዚህ ፌስታል አትጣሉ፣ አምፖል አጥፉ፣ ችግኝ ትከሉ» ብሎ ይቀመጣል። ኦዞን ሌላ ጉዳይ ነው። ያሳሳው በዋናነት በማቀዝቀዣና በመርጫ ቆርቆሮዎች ውስጥ የነበረ ጋዝ ነው፤ ዓለም በ1987 እ.ኤ.አ. ሞንትሪያል ላይ ተስማምቶ ጋዙን ማገድ ስለጀመረ ንጣፉ እያገገመ ነው። ፌስታል ወንዝ ይዘጋል፣ ከብት ይገድላል፤ ይቀነስ፣ ይከልከልም። በሙቀቱ ላይ ያለው ድርሻ ግን ትንሽ ነው። አምፖሉስ? የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ የሚመነጭ ነው። ሳሎን ያለውን አምፖል ማጥፋት ለኪስ ይበጃል እንጂ ከአየሩ ላይ እዚህ ግባ የሚባል ጭስ አይቀንስም። ችግኙ የራሱ ሙግት ስላለው በኋላ እመለስበታለሁ።

እንዲህ ያለው ማብራሪያ የዋህ ስህተት ነው ብዬ ማለፍ አልችልም። ሰው የተባለውን ሁሉ አድርጎ ለውጥ ሲያጣ እጁን ያጥፋል። አንዲት እናት ዓመት ሙሉ አምፖል እየተከታተለች ስታጠፋ፣ ጓዳዋ ውስጥ ከአምፖሉ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነገር እንደሚነድ የነገራት የለም።

የሚነደው ምጣድ ሥር ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ ከተጣደ ምጣድ አጠገብ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። ሸክላው ወፍራም ነው፣ ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ እስኪግል ድረስ ብቻ አንድ ክምር ጭራሮ ይጨርሳል። ነበልባሉ በጉልቻዎቹ መካከል በሦስት በኩል እየላሰ ይወጣል፤ ምጣዱን የሚያገኘው ከፊሉ ብቻ ነው። ነፋስ ሲገባ እሳቱ ወደ አንድ ጎን ያጋድልና እንጀራው በዚያ በኩል ያርራል፣ በወዲያኛው ሊጥ ይቀራል። ጋጋሪዋ ፊቷን ወደ ትከሻዋ መልሳ በአንድ ዓይኗ እያየች ታሰፋለች፣ አክንባሎውን ትደፋለች፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። አንድ ቤት ለማብሰያ ከሚያወጣው ኃይል ከግማሽ በላይ የሚሄደው ለእንጀራ እንደሆነ በተደጋጋሚ ተጠንቷል።

እስቲ እንመዝነው። አንድ ቤተሰብ ለጋገራ በሳምንት 20 ኪሎ እንጨት ያነዳል እንበል፤ በዓመት ከአንድ ቶን ትንሽ ያልፋል። ደረቅ እንጨት ግማሹ ካርቦን ነው። ካርቦን ሲነድ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ስለሚጣመር አንዱ ኪሎ ካርቦን 3.7 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ኪሎ እንጨት 1.8 ኪሎ ጋዝ ነው። ከ30 ዓመት ገደማ በፊት የአገራችን የኃይል ባለሙያዎች የሠሩት ምርጥ ምድጃ፣ ያ ከሲሚንቶና ከአሸዋ በቅርጽ ተጠፍጥፎ የሚገጣጠመው፣ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚዘጋበት ከጉልቻው እስከ ግማሽ የሚደርስ እንጨት ይቆጥባል። ግማሽ ቶን እንጨት ማለት 900 ኪሎ ያህል ጋዝ ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ ከነዳጅና ከሲሚንቶ በዓመት የሚደርሰው ድርሻ ከ200 ኪሎ በታች መሆኑን ስታውቁ ቁጥሩ ይገባችኋል። አራት ሰው ያለበት ቤት ምድጃ በመቀየሩ ብቻ፣ በመኪናውም በአውቶቡሱም በፋብሪካውም በኩል የሚደርስበትን ሁሉ የሚያህል ሊያስቀር ይችላል። የተቆረጠው ዛፍ ተመልሶ የሚያቆጠቁጥ ከሆነ ጋዙን መልሶ ስለሚስበው ሒሳቡ ይቀንሳል፤ ጫካው እየሳሳ ባለበት አካባቢ ግን ከሞላ ጎደል እንዳለ ይቆማል። መንግሥት በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የተሻሻለ ምድጃን ቅድሚያ ከሰጣቸው አራት ሥራዎች አንዱ ያደረገው ያለ ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ ከኋላ ወንበር «የአሜሪካኑስ?» የሚል ድምፅ ይመጣል። ተገቢ ጥያቄ ነው። አንድ አሜሪካዊ በዓመት 14 ቶን ያህል ይለቃል። ይህን ለማስረዳት ከዕቁብ የተሻለ ነገር አላገኘሁም። አየሩን የዓለም ሁሉ ዕቁብ አድርጋችሁ አስቡት። ሁሉም ዕጣ አለው፤ ሁሉም በተራው ሊደርሰው ይገባል። ቀድመው የገቡት ግን የመጀመሪያውንም፣ የሁለተኛውንም፣ የሦስተኛውንም ዕጣ ወስደው ቤት ሠሩበት፣ ፋብሪካ ከፈቱበት። የዕቁቡ ጸሐፊ ዘግይቶ ነው የመጣው፤ ቻርልስ ኪሊንግ በ1958 እ.ኤ.አ. ሃዋይ ውስጥ ማውና ሎአ ተራራ ላይ መመዝገብ ሲጀምር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን 315 እጅ ገደማ ደርሶ ነበር። ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት 280 ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። ዳኛም አለው፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ አገሮቹ ተሰብስበው መዋጮአቸውን ራሳቸው ተናገሩ፤ ያልከፈለውን ግን የሚቀጣ ደንብ የለም። ዕጣ መሸጥም ተጀምሯል፤ የካርቦን ሽያጭ የሚባለው እሱ ነው፤ ተራው ያልደረሰው ድሀ ዕጣውን ለቸኮለው ሀብታም ያስተላልፋል። ዋስ የሆነውስ ማን ነው? በድርቅና በጎርፍ የሚከፍለው፣ ከዕቁቡ ሳንቲም ያልቀመሰው የቦረና አርብቶ አደር ነው። ይባስ ብሎ፣ ከወሰዱት ወገን የሆነው የእንግሊዙ የነዳጅ ኩባንያ ቢፒ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. እያንዳንዱ ሰው የራሱን የካርቦን አሻራ እንዲያሰላ በሰፊው አስተዋወቀ። ዕቁቡን የበላው ሰው በር ላይ ቆሞ የሌሎቹን ኪስ ሲያስቆጥር ማለት ነው!

ለዚህ ነው ብዙ ወዳጆቼ «የግለሰብ ድርሻ» ሲባል የሚቆጡት። ቁጣቸውን እጋራለሁ፤ መደምደሚያቸውን ግን አልቀበልም። የነዳጅ ኩባንያው ጥፋት የኔን ጓዳ ጭስ አያጠፋውም። ደግሞ ዕቁብ የሚቆመው በዳኛው ቅጣት ብቻ አይደለም፤ ጎረቤቴ መክፈሉን ማየቴ ነው የሚያቆመው።

ጎረቤትን ማየት ያልኩት በግምት አይደለም። ብራያን ቦሊንገርና ኬኔት ጊሊንግሃም በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ቤት ጣሪያው ላይ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ሲሰቅል በዚያው አካባቢ ሌላ ቤት የመስቀሉ ዕድል ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። ሰሌዳው ከመንገድ ይታያላ! የኛ ችግር ምድጃው ጓዳ ውስጥ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሌላውን ማነሳሳት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠበቅበት ማሳየት ነው።

ለምድጃ ሥልጠና ሰሜን ሸዋ ውስጥ አንድ ገጠር ቀበሌ ስሄድ፣ ሥራውን የሰጠኝ ድርጅት በረዶ ላይ የቆመ ነጭ ድብ ያለበት ትልቅ ሥዕል አስይዞኝ ነበር። ሴቶቹ በጨዋነት አዳመጡ። ሥዕሉን ጠቅልዬ ምድጃው ላይ እሳት ሲለኮስ ግን ቦታው ተለወጠ። አንዲት አሮጊት ለመጋገር ተነሡ፤ ምጣዱን አሰሱ፣ አሰፉ፣ አክንባሎውን ደፉ፣ ከዚያ እጃቸውን በምድጃው ጎን ዘርግተው ሙቀቱን ፈለጉ። «ልጄ፣ ይኼ እኮ ዓይኔን አላቃጠለኝም» አሉ። ቀጥለው ዋጋውን ጠየቁ። ከኋላ ያለችው ቀዳዳ ላይ ድስት ጥደው ወጥ እንደሚያሞቁበት ሲያዩ ደግሞ የቀሩት ተነሥተው ከበቡን። ስለ ድቡ የጠየቀ አልነበረም። ለምን ይጠይቁ? ዓይን፣ እንጨት ለቀማ የሚሄድ ቀን፣ የማገዶ ዋጋ፤ የሚያነሳሳው ይህ ነው፤ አየሩም የሚጠቀመው በዚሁ በኩል ነው። ሰው ለዓለም ሲል እንዲነሣ የሚሰብኩ ሁሉ ይህን ቢረዱልኝ ምን ነበረበት።

ምድጃ ልትገዙ ስትሄዱ ምጣዳችሁን ለክታችሁ ሂዱ። ምጣዱ ከምድጃው አፍ ከሰፋ ወይ ከጠበበ እሳቱ በዳር ያመልጣል፣ ቁጠባውም አብሮ ያመልጣል። ብዙ ሰው «አይረባም» ብሎ የጣለው ምድጃ ልክ ያልሆነለት ነው። እንጨቱ ይድረቅ። ጋገራውን በየቀኑ ከመበተን ሰብሰብ አድርጎ ባንድ ቀን መጨረስም ምጣዱን ደጋግሞ ከማጋል ያድናል።

አሁን ወደ ችግኙ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነገረ። ሕዝብ በነቂስ መውጣቱን አደንቃለሁ። የምሟገተው ከቆጠራው ጋር ነው፤ ስንት ተተከለ ብለን እንጮሃለን፣ በሦስተኛው ዓመት ስንቱ ቆመ ብለን አንጠይቅም። ካርቦን የሚስበው የጸደቀው ነው። ወላይታ ውስጥ ሁምቦን እዩ። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበሬዎቹ በኅብረት ሥራ ተደራጅተው 2,700 ሄክታር ገደማ የተራቆተ ተራራ ሲያለሙ አብዛኛው ሥራቸው ተከላ አልነበረም። ከብቱንና ከሰል አክሳዩን ከልክለው፣ መሬት ውስጥ ሥሩ ያልሞተውን ጉቶ እያሰሱ፣ ካቆጠቆጠው ጠንካራውን እየመረጡ ሌላውን ገረዙት። ዛፉ ተነሣ፤ ካርቦኑንም በዓለም ባንክ በኩል ሸጡት። ግቢው ጥግ ጉቶ ያለው ሰው ችግኝ ከመግዛቱ በፊት ጉቶውን ይመልከት።

ባሕር ዛፍንም ሳላነሣ አላልፍም፤ ስሙ ሲጠፋ ዝም ማለት አልሆንልኝ ብሏል። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ነበር። ከተማዋን ካጸኗት ነገሮች አንዱ ይህ ዛፍ ነው። ምንጭ አጠገብና ማሳ ዳር መተከል የለበትም፣ ውኃ ይጠጣል፣ እውነት ነው። ሲቆረጥ ግን መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ቶሎ ይደርሳል፣ አጣና ሆኖ ይሸጣል፤ ገበሬው ማንም ሳይቀሰቅሰው የተከለው ለዚህ ነው። «ይነቀል» የሚሉ ባለሙያዎች አንድ ነገር ይመልሱልኝ፦ እሱ ሲነቀል ምጣድ ሥር የሚገባው የትኛው ዛፍ ነው? ጽድና ወይራ አይደለምን?

ውጭ አገር ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ሒሳባችሁ ሌላ ነው። ዱባይ ወይም ሪያድ ውስጥ ኤሌክትሪኩ በአብዛኛው ከጋዝና ከነዳጅ ስለሚመነጭ የአየር ማቀዝቀዣው ሙቀት መጠን ላይ አንድ ሁለት ዲግሪ መጨመር ትርጉም አለው። ዋሽንግተን ላለው ትልቁ ድርሻ የመኪናው ነው። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ደርሶ መልስ በረራ ለአንድ ሰው ወደ 2 ቶን ይጠጋል፤ እናቱን ሊጠይቅ የሚመጣን ሰው ግን አትምጣ የምል አይደለሁም። በየዓመቱ ለአንድ ሳምንት ከመመላለስ ሰንበት ብሎ ረዘም ያለ ጊዜ መቆየት ለእናትየውም የሚሻል ይመስለኛል።

ከተሜው ጋ ልመለስ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። የሁለት ሰዓት ጋገራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ባለ 9 ዋት አምፖል ይህን ለመጨረስ ከአንድ ወር በላይ ሳይጠፋ ማብራት አለበት። ስለዚህ አምፖሉን ትታችሁ ምጣዱ ላይ አተኩሩ፦ የመጨረሻዎቹን አንድ ሁለት እንጀራ ማብሪያውን አጥፍታችሁ በቀረው ግለት ጋግሩ። ዋናው ትርፍ ግን ከእንጨት ወደ ኤሌክትሪክ መሻገሩ ራሱ ነው። 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጨው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ኃይሉ ግን የሰፈር ትራንስፎርመር ጋ ሲደርስ ይጨናነቃል። ከሕዝቡ ግማሽ የሚጠጋው ደግሞ ገና መስመሩ አልደረሰውም። መብራት በሄደ ቁጥር ምጣድ የገዛችው እናት ወደ ጉልቻዋ ትመለሳለች።

እዚህ ላይ አንድ ቤት ብቻውን የሚሠራው ያልቃል። 40 ቤት ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ጊዜ ምጣድ ቢለኩስ 140 ኪሎዋት ነው፤ ባለ 100 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር ይህን አይችልም። ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ አቤቱታ ስታቀርቡ «መብራት ይጠፋብናል» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። በመስመራችሁ ላይ ስንት ምጣድ እንዳለ ቁጠሩ፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚጠፋ መዝግቡ፣ የትራንስፎርመሩን አቅም ከላዩ ላይ ካለው ጽሑፍ ገልብጡ፣ ሁሉም አባወራና እማወራ ይፈርምበት። መልሱ እስኪመጣ ድረስ የጋገራ ቀን ተከፋፈሉ፤ ግማሹ ማክሰኞ፣ ግማሹ ቅዳሜ።