በሥርዓት ስለሚፈጸመው የሴሎች ሞት

በሕይወት ባለ አካል ውስጥ ዘወትር ሞት አለ ቢባል ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ሳይመስለው አይቀርም። ነገር ግን አካል ቅርጹንና ጤናውን የሚያገኘው ሴሎች ሲባዙ፣ ደግሞም ጊዜያቸውን ጠብቀው ሲሞቱ ነው።

የሴል ሞት በሁለት ይከፈላል። አንደኛው የአደጋ ሞት ነው፤ ይኸውም በቃጠሎ ወይም በመርዝ የተጎዳ ሴል አብጦ ሲፈነዳ ነው። በውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚፈስ አካባቢው ይቆጣል። ሁለተኛው ሴሉ በውስጡ ባለው ትእዛዝ ራሱ የሚፈጽመው ሞት ነው። ኬር፣ ዋይሊና ከሪ የተባሉት ሊቃውንት በ1972 እ.ኤ.አ. ይህን «አፖፕቶሲስ» ብለው ሰየሙት፤ ቃሉ የግሪክ ሲሆን የቅጠልን መርገፍ ያመለክታል።

ለምሳሌ፣ የእንቁራሪት ልጅ በውሃ ስትኖር የምትዋኝበት ጅራት አላት። ስታድግ ግን ከታይሮይድ ዕጢ የሚወጣው ሆርሞን የጅራቱን ሴሎች ለሞት ያዛል፤ ጅራቱም እያጠረ ይጠፋል። የሰው እጅም በማሕፀን ሳለ እንደ መቅዘፊያ ጠፍጣፋ ነው፤ በመካከል ያሉት ሴሎች ሲሞቱ ጣቶቹ ይለያያሉ። በዳክዬ እግር ግን ከነዚህ ሴሎች ብዙዎቹ ስለማይሞቱ ጣቶቿ በቆዳ እንደ ተያያዙ ይቀራሉ።

ነገሩ በቁጥር የታወቀው ሴኖራብዳይቲስ ኤሌጋንስ በተባለች፣ ርዝመቷ 1 ሚሊሜትር ያህል በሆነች ትል ነው። ወንዴነትንና ሴቴነትን ያጣመረችው ትል ስታድግ ከዘር ሴሎች በቀር 1,090 ሴሎች ይፈጠሩላታል፤ ከነዚህም 131 ይሞታሉ፣ 959 ይቀራሉ። የሚሞቱትም በእያንዳንዷ ትል እነዚያው ናቸው። ብሬነር፣ ሆርቪትዝና ሰልስተን በዚህ ምርምር በ2002 እ.ኤ.አ. የኖቤልን ሽልማት አግኝተዋል።

አፈጻጸሙም እንደሚከተለው ነው። በሰው ሴል ውስጥ ትእዛዙ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ከሚቶኮንድሪያ ሳይቶክሮም ሲ የተባለ ፕሮቲን ይወጣል። እርሱም ካስፔዝ የተባሉትን ኤንዛይሞች ያስነሣል፤ እነርሱም የሴሉን ፕሮቲኖች ይቆራርጣሉ። ሴሉ ይኮማተርና በሽፋን ወደ ተጠቀለሉ ቁርጥራጮች ይከፋፈላል፤ እነዚህንም ጎረቤት ሴሎች ይውጧቸዋል። ስለዚህ ቁጣ አይነሣም።

ይህ ሥርዓት ሲጓደል ጉዳቱ ከባድ ነው። ዲ.ኤን.ኤው ክፉኛ የተበላሸ ሴል እንዲሞት ከሚያዙት አንዱ ፒ53 የተባለው ፕሮቲን ነው። እርሱ ሥራውን ካቆመ፣ ሊሞት የሚገባው ሴል እየተባዛ ወደ ካንሰር ሊያመራ ይችላል። አንዳንድ የደም ካንሰር ሴሎች ደግሞ ሞትን የሚከለክለውን ቢሲኤል2 የተባለ ፕሮቲን አብዝተው ይሠራሉ። በ2016 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀደው ቬኔቶክላክስ የተባለ መድኃኒት ይህንኑ ፕሮቲን አግዶ ለሴሉ የሞትን መንገድ ይከፍትለታል።

እንግዲህ በትልና በእንቁራሪት ጅራት የተጀመረው ጥናት እስከ በሽተኛው አልጋ ደርሷል። ከንቱ የሚመስለውን ትንሽ ፍጡር በትዕግሥት መመርመር ዋጋው ብዙ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።